በቆላ አገር የተሽከርካሪ ወንበር አያያዝ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ የመኪና መንገድ ዳር ጎሚስታና ብረት በያጅ አይታጣም። ይህ ለተሽከርካሪ ወንበር ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ወንበር ተስማሚ ለመባል ከሚያበቁት ነገሮች አንዱ በዚያው አገር ሊጠገን መቻሉ መሆኑን አስፍሯል።

ይሁን እንጂ በአረጋውያን መጦሪያም ሆነ በቤተሰብ ቤት የወንበሩ ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አልሄድ ሲል ነው። አደጋው ግን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። በአብዛኞቹ ወንበሮች ላይ ፍሬን የሚባለው ጎማውን ተጭኖ የሚይዝ ብረት ነው። የግራር እሾህ የውስጥ ጎማውን በስቶ ንፋሱ ቀስ በቀስ ሲወጣ፣ ፍሬኑ አጥብቆ የሚጫነው ያጣል። አረጋዊው ከአልጋ ወደ ወንበሩ ሲዛወሩ ወንበሩ ይሸሻቸዋል። ፍሬኑ ላልቷል ተብሎ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ጉድለቱ ግን የንፋስ ነው። በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ እንደ ቀድሞው መነሣት ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል። ይህን የሚያስቀረው አንድ የብስክሌት መንፊያ ነው! ስለዚህ ማለዳ ማንም ሳይቀመጥበት ጎማውን በአውራ ጣት መጫን፣ ፍሬኑንም ይዞ ወንበሩን ገፋ አድርጎ መሞከር ይገባል።

የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች ዘንግ ላይ ፀጉርና የነጠላ ክር ስለሚጠመጠም በየሳምንቱ መልቀም ያስፈልጋል። ግራሶ ግን ከውጭ አይለቀለቅም፤ ከቆላ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናልና።

ጽዳትን በተመለከተ፣ አንዱ ወንበር ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት መጦሪያ በሳሙና ከተጠረገ በኋላ በተበረዘ በረኪና መወልወሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በረኪና ብረት ይበላል፤ ወዲያው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ታብሶ መድረቅ አለበት። ውሃ በጎማ ቱቦ መልቀቅ ደግሞ ኩሽኔታውን ያዝጋል። የመከዳው ልብስ ለብቻው ይታጠባል፤ እርጥብ መከዳ ላይ የሚውል ገላ ይቆስላልና። ስፖንጁ በጥላ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ይፈረፈራል።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው ሲባል፣ ጽዳት ሠራተኛዋ የአስታማሚው፣ አስታማሚው የዘበኛው ሥራ ይመስላቸዋል። ኃላፊው በስም ካልተለየ ሥራው የማንም አይሆንም።

በመጨረሻም ስለ ስጦታ ወንበሮች። መጦሪያው ወንበሩን ከመረከቡ በፊት የኋላውን ጎማ አስፈትቶ በአቅራቢያው ላለው ጎሚስታ ያሳየው። በልኩ ጎማ እንዳለው ይጠይቀው።