አማካይ ዛፍ በየትኛው ደን ይገኛል?
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ሰዓት የተነበበ)



ዛሬ የምንናገርለት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲሰሙት የቅጠል ለቃሚዎች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን መጨረሻው ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያደርሰናል፤ ይኸውም የዓለም ሙቀት እየጨመረ በሄደ ጊዜ የሐሩር አገር ደን ይቆማል ወይስ ይወድቃል? የሚለው ነው። ሊቃውንቱ የወደፊቱን በዓይናቸው ሊያዩት ስለማይችሉ፥ በኮምፒዩተር ውስጥ የደን አምሳያ ሠርተው፥ ዝናሙን ቀንሰው፥ ሙቀቱን ጨምረው ይመለከታሉ። መንግሥታትም ስለ ደንና ስለ አየር ንብረት ሲመክሩ እንዲህ ያለውን ስሌት ያያሉ። እንግዲህ በአምሳያው ውስጥ የተተከለው ዛፍ ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ብሎ መጠየቅ ለተማሪ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ስለ ዛፍ ባሕርይ ጥቂት እንበል። ወይራንና ብሳናን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የወይራ ቅጠል ትንሽና ጠንካራ ነው፤ እንጨቱ ከባድ፥ ዕድገቱም ዝግ ያለ ነው። የብሳና ቅጠል ግን ሰፊና ስስ ነው፤ ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ እንጨቱም ቀላል ነው። አንዱ ቆጣቢ ገበሬን ይመስላል፤ ቅጠሉን በብዙ ወጪ ሠርቶ ለረጅም ጊዜ ይገለገልበታል። ሁለተኛው ቸርቻሪ ነጋዴን ይመስላል፤ በጥቂት ወጪ ሠርቶ፥ ቶሎ አትርፎ፥ ቶሎ ይጥለዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ኢያን ራይትና ጓደኞቹ ከ175 ስፍራዎች የተሰበሰቡ 2,548 የዕፀዋት ዓይነቶችን መርምረው፥ ይህ በቁጠባና በችርቻሮ መካከል ያለው ልዩነት በመላው ዓለም በአንድ መስመር ላይ የሚደረደር መሆኑን አሳይተዋል።

አሁን ወደ አማዞን እንሻገር። በ2013 የወጣ ጥናት በዚያ ደን ውስጥ 390 ቢሊዮን ያህል ዛፎች፥ በዓይነትም ወደ 16,000 የሚጠጉ እንዳሉ ገምቷል። ከዛፎቹ ግማሽ ያህሉ የ227 ዓይነቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በሺሕ የሚቆጠሩ ዓይነቶች ግማሹን ይካፈሉታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ አምሳያው እንዴት ተቀበለው? በ2003 የታተመውና ስመ ጥር የሆነው የሉንድ፥ የፖትስዳምና የዬና አምሳያ የዓለምን ዕፀዋት በ10 ክፍል መደባቸው። ለሐሩር አገር ዛፎች የደረሳቸው ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ አንዱ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፥ ሁለተኛው በበጋ የሚያረግፍ። እያንዳንዱም ክፍል አንድ አማካይ ቅጠል፥ አንድ አማካይ እንጨት ተሰጠው።

ይህን ስንል ሠሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ያለ እነርሱ ሥራ የካርቦንና የውሃ ሒሳብ በዓለም ደረጃ ባልተሰላም ነበር። ሆኖም አማካይ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አሥር ተሸካሚዎች አሉ እንበል፤ አምስቱ 80 ኪሎ፥ አምስቱ 40 ኪሎ መሸከም ይችላሉ። አማካያቸው 60 ነው። ለእያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ብንጭንባቸው፥ በአማካዩ ሒሳብ አሥሩም ይወድቃሉ፤ በእውነቱ ግን አምስቱ ይቆማሉ። 55 ኪሎ ብንጭንባቸው ደግሞ በአማካዩ ሒሳብ አሥሩም ይቆማሉ፤ በእውነቱ ግን አምስቱ ይወድቃሉ። ስለዚህ አማካዩ አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት አስደነገጠን፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት አስተኛን። ድርቅም በደን ላይ እንዲሁ ያለ ሸክም ነው።

ፒተር ኮክስና ጓደኞቹ በ2000 ዓ.ም. በሠሩት ስሌት የአማዞን ደን በዚህ ክፍለ ዘመን በብርቱ ይመናመናል የሚል ውጤት መጣ። በዚያ አምሳያ የዓለም ዕፀዋት አምስት ዓይነት ብቻ ነበሩ። ውጤቱን ያመጣው የዕፀዋቱ ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም፤ በስሌቱ ውስጥ ዝናሙም እጅግ ቀንሶ ነበር። በ2016 ግን ቦሪስ ሳክሼቭስኪና ጓደኞቹ ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱን ባሕርይ የሚሰጥ አምሳያ ሠሩ። በዚህ ጊዜ የአየሩን ለውጥ ያልቻለው ዛፍ ይሞታል፤ የቻለው ስፍራውን ይወርሳል፤ ደኑም በብዙ ዘመን ውስጥ ክብደቱን ወደ መመለስ ያዘነብላል። ልብ በሉ! የሚመለሰው የቀድሞው ደን አይደለም፤ የሚመለሰውም ወራሽ የሚሆን ልዩ ልዩ ዛፍ አስቀድሞ ካለ ብቻ ነው።

እኛም በአማካይ የማሰብ ስሕተት ውስጥ መውደቃችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። ወደ አንድ ደን ለመስክ ጥናት ሄደን፥ እጃችን ከደረሰበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሁሉ ቅጠል ለቅመን፥ ስፋቱን ለክተን፥ አድርቀን፥ መዝነን በኩራት አቀረብን። አንድ መምህራችን ሰንጠረዡን አይተው፥ «ፀሐይ የሚያየውን ቅጠል ማን አመጣው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። በአንዱ ዛፍ ላይ እንኳ የጥላው ቅጠል ሰፊና ስስ፥ የጫፉ ቅጠል ጠባብና ወፍራም ነው። ልዩነቱ በዓይነትና በዓይነት መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ግንድ ላይም እንዳለ ያወቅነው የብዙ ቀን ድካማችንን ከጣልን በኋላ ነው።

ነገሩ ለምን ይመለከተናል? የከፋ፥ የያዩና የሸካ ደኖች የሐሩር ክልል ተራራማ ደኖች ናቸው፤ ቡናም በጥላቸው ሥር በተፈጥሮ ይበቅላል። ነገር ግን ዓለም በሚጠቀምበት የዕፀዋት ባሕርይ መዝገብ ውስጥ ከአፍሪካ ደኖች የገባው ልክ ጥቂት ነው። ያልተለካ ዛፍ በአምሳያው ውስጥ የሌላ አገር ዛፍ ቅጠል ተውሶ ይቆማል፤ በተዋሰው ቅጠልም ይፈረድበታል። ደግሞም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ጠቅሞናል፤ ይሁን እንጂ ጋራውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ብንሸፍነው አማካዩን በገዛ እጃችን ተከልን ማለት ነው። ሸክሙ ከዚያ ዛፍ ኀይል በላይ በሆነ ቀን የሚወርስ አይኖርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ለመስክ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ፀሐይ የሚያየውን ቅጠልና የጥላውን ለየብቻ ይልቀም፤ ከየት ከፍታ እንደ ተቆረጠም ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ከሳይንሳዊው ስም ጋር የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስም ይመዝገብ፤ የትኛው ዛፍ በድርቅ እንደሚጸና ከማንም በፊት የሚያውቀው የአካባቢው ሽማግሌ ነውና። ሦስተኛ፥ የተለካው ሁሉ በየደብተራችን ተቀብሮ እንዳይቀር በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ ለዓለም ይድረስ።

አማካይ ዛፍ በየትኛው ደን ይገኛል? ፈልገን በየትኛውም አላገኘነውም። ያገኘነው ወይራና ብሳና፥ ዝግባና ዋንዛ ነው። ደኑን በስማቸው ለማወቅ መሰላል ይዞ የሚመጣ ጓደኛ እንሻለን።