የምርምር ውጤትን ለሕዝብ የማስረዳት ብቃት



የሕክምና ምርምርን ለሕዝብ ማስረዳት የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ጎልቶ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን መገኘቱ ከተነገረ ሁለት ሳምንት ሲሆን፣ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አገር በቀል ዕውቀትን ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር ያጣመረ የመድኃኒት ምርምር መሠረታዊ ደረጃውን አልፎ ወደ ቀጣዩ ሙከራ መሸጋገሩን ይፋ አደረገ። መግለጫው ገና ስለሚሞከር ነገር የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚል የምሥራች ሆነ።

በሚሞከርና በተገኘ መድኃኒት መካከል ያለው ርቀት ረጅም ነው። ክሊኒካዊ ሙከራ፣ ማለትም መድኃኒትን በፈቃደኛ ሰዎች ላይ መፈተን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱን፣ በሁለተኛው ተገቢውን መጠንና የፈዋሽነት ፍንጩን፣ በሦስተኛው ደግሞ በብዙ ሰዎች ላይ ከነባር ሕክምና ወይም ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን ጋር እያነጻጸረ የሚመረምር ሲሆን፣ በላቦራቶሪ ተስፋ ከሰጡት ውህዶች አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው አይዘልቁም። ይህን ሳይናገር «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ብቻ የሚያሰማ ሰው፣ ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢከብር፣ ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለም።

የተሻለው አርአያ ከዚያ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲያዩ፣ ሕያዋኑን አስለቅመው የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው፤ እነዚያም ሞቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ በመሆኑ ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ ይሁንና የተረጋገጠው እንዶድ ተሸካሚውን እንደሚገድል እንጂ የታመመን ሰው እንደሚፈውስ አልነበረም። ብቁ አስረጂ የሚለየው ይህንን ወሰን በመጠበቁ ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ወሰን አለው። ከ1,000 ሰዎች 2ቱን የሚያጠቃ በሽታ ወደ 1 ቢወርድ «በግማሽ ቀነሰ» ማለት ሐሰት ባይሆንም፣ 998ቱ ቀድሞም የማይታመሙ መሆናቸው ካልተነገረ አድማጩ ይታለላል። በወረርሽኙ ዘመን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና ጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ ባወጡት መግለጫ ቫይረሱ የተገኘባቸውን ብቻ ሳይሆን የተመረመሩትንም ቁጥር አብረው መንገራቸው ስለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

የሕክምና ኮሌጆች የምርምር ጽሑፍ አንብቦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስረዳትን እንደ አንድ የሚፈተን ሙያ ሊያስተምሩ ይገባል። የዛሬዎቹ ተመራቂዎችም በየጤና ጣቢያው «በሬዲዮ የተነገረው መድኃኒት መቼ ይመጣል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ጥናቱ ከየትኛው ምዕራፍ እንደደረሰ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተሠራና ወጪውን ማን እንደሸፈነ አጣርተው እንዲመልሱ፣ ያላነበቡትንም ጥናት አለማንበባቸውን ለመናገር እንዳያፍሩ አደራ ተጥሎባቸዋል።