ሞግዚት ወይስ የሕፃናት ማቆያ?
(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ልጅ አያያዝ እንድንናገር ሲጠይቁን ሳቅን። በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ የተሳሳትን ባልና ሚስት ነንና። ከሁለታችን አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዳ ነው፤ ሌላዋ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች።

አገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። እዚህ የ1993 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ይፈቅዳል፤ ግን ያለ ደመወዝ ነው። ታክሲ ነጂውንማ ማን ቆጥሮት! እማማ በጎብኚ ቪዛ መጥተው አረሱን፤ ስድስት ወሩ ሲሞላ ተመለሱ። ጥያቄው ያን ጊዜ መጣ።

መጀመሪያ ሞግዚት ያዝን። ጋርላንድ የሚኖሩ፣ «እትዬ» የምንላቸው እናት በ78 መንገድ እየመጡ ልጃችንን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይይዙልን ነበር። በሳምንት 380 ዶላር በእጃቸው እንሰጣለን። ልጁ በአማርኛ አፉን ፈታ፤ ቤታችን ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ደስ አለን።

አንድ ሌሊት ግን ዲ ኤፍ ደብሊው ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራነው። 380 ለ55 ሰዓት ሲካፈል 6 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። የቴክሳስ ዝቅተኛ ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ነው። የሒሳብ ተማሪ ይህን ለማካፈል አሥራ አራት ወር ፈጀበት! ከዚህም የከፋው፣ ሞግዚት የቀጠረ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር መክፈል ነበረበት (በ2025 ግዴታው በዓመት ከ2,800 ዶላር ጀምሮ ነበር)፤ እኛ ስላልከፈልን ለጡረታቸው የተቆጠረላቸው አንዳች የለም። እትዬ ጠይቀውን አያውቁም። «ቤተሰብ ነን» እያልናቸው እንዴት ይጠይቁ? ጭማሪውን ልንነግራቸው ስንሰናዳ እሳቸው ቀድመው ሌላ ሥራ ማግኘታቸውን ነገሩን፤ ልጁን ስመው ሄዱ። ያለፈውን የሰዓት ልዩነት ቆይተን ቤታቸው ድረስ ወስደን ሰጠናቸው፤ ሲቀበሉን እኛ ነበርን የምናፍረው።

ቀጥሎ ማቆያ አስገባነው። ማቆያው ደግ ነው፤ እጅ መታጠብ፣ ከጓደኛ ጋር መጫወቻ መካፈል እዚያ ተማረ። ሆኖም የቴክሳስ ደንብ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ለአራቱ አንድ ጠባቂ ሲያዝ፣ ለሁለት ዓመት ልጆች አንዷ እስከ 11 እንድትይዝ ይፈቅዳል። በሩ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል፤ የጆርጅ ቡሽ መንገድ ሲጨናነቅ ደግሞ ከኤርፖርት ዋይሊ በሰዓቱ መድረስ ዘበት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ እማማ ስልክ ሲደውሉ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልስላቸው ጀመር። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል አስተርጓሚ ሆነን ቆምን። እማማ «ምን አለ?» ሲሉን ያላለውን ጨምረን የተረጎምንበትም ቀን አለ።

ሁለተኛዋ ስትወለድ እትዬን ፈለግናቸው። እሳቸው ለካ ቤታቸውን በመንግሥት አስመዝግበው፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ እስከ ስድስት ልጆች መያዝ የሚያስችል ፈቃድ አውጥተዋል። የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስደዋል፤ በቤታቸው የሚኖር 14 ዓመት የሞላው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ታይቷል፤ ተቆጣጣሪም ይመጣል። አሁን ዋጋውን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ወረቀት ላይ አስፈርመውናል። ልጅቷ ከአራት ልጆች ጋር በአማርኛ ትጣላለች፣ በአማርኛ ትታረቃለች። ባለፈው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ብንዘገይ ቅጣት አስከፈሉን፤ ከዚያ ቡና አፈሉልን።

እንዲህ ያለ ፈቃድ ማውጣት የምትፈልጉ እናቶች ካላችሁ ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያስፈራችሁ፤ አብረን እንሞላዋለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ታክሲ አናወጣም።