ጽጌረዳ በአንድ ሌሊት፣ የልጅ ቦርሳ በስንት ወር?

(ገርጂ አካባቢ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተዘጋጀ ውይይት ላይ በንባብ የቀረበ)



በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ «ሎጂስቲክስ» የሚባለውን ትምህርት አልተማርኩም። ከኮሌጅ ያገኘሁት ዲፕሎማ በሒሳብ አያያዝ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ መጻፍ ነው። ታዲያ አንተን ምን አገባህ ካላችሁኝ፣ ያገባኝ በእህቴ በኩል ነው።

ታናሽ እህቴ እዚሁ ገርጂ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኞቿ ጋር ገንዘብ አዋጥታ ከቻይና የተማሪ ቦርሳ አዘዘች። ለመስከረም ገበያ መሆኑ ነው። ነሐሴ ላይ ስጠይቃት «ጅቡቲ ደርሷል ጋሼ!» አለችኝ። መስከረም ላይ ስጠይቃት «ጅቡቲ ነው» አለች። ጥቅምት ላይ መጠየቁን ተውኩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን አላይ ማለት ይኼ አይደል? ቦርሳው ሱቋ የገባው ኅዳር ላይ ነው። በኅዳር ማን ቦርሳ ይገዛል? ልጁ እንደሆነ የአምናውን አሰፍቶ ትምህርቱን ከጀመረ ቆይቷል። ከገዛችበት በታች ሸጠች፤ የሱቁንም ቁልፍ ለአከራይዋ መለሰች።

ጥፋተኛው ማነው ብዬ ዞርኩ። አንዱ ቢሮ «ችግሩ ከባንክ ነው» አለኝ። ባንኩ «ሰነዱ ትራንዚተሩ ጋ ነው» አለ። ትራንዚተሩ «መኪና የለም»፣ ባለመኪናው «ወረፋ ነው»፣ ሌላው ደግሞ «ሲስተም የለም»! ሁሉም ንጹሕ ነው። የተቀጣችው ግን እህቴ ናት።

እስቲ ወደ ሙያዬ፣ ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ በ18 በመቶ ወለድ 2 ሚሊዮን ብር ተበድሮ 1 ሺህ ቦርሳ ገዛ እንበል። የዓመት ወለዱ 360 ሺህ ብር ነው። ለ365 ቀን ስታካፍሉት በቀን ወደ 1 ሺህ ብር ይጠጋል። ዕቃው 40 ቀን መንገድ ላይ ቢቆም 40 ሺህ ብር ሄደ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ 40 ብር! ዲመሬጁ፣ የመጋዘኑ ኪራይ፣ የሱቁ ኪራይ ገና አልተነኩም። ይህን ማን ይከፍላል? ያቆመው ቢሮ አይከፍልም። ወይ ነጋዴው ይከስራል፣ ወይ ለልጇ ቦርሳ የምትገዛው እናት ትከፍላለች።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን አልክድም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብ ተዘጋብን፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከባሕር ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው በአንድ በር ነው። ደግሞ ምንም አልተሠራም ማለት ግፍ ነው። በሞጆ ደረቅ ወደብ ተሠርቷል። «መልቲሞዳል» በሚባለው አሠራር አንድ አጓጓዥ ዕቃውን ከውጭ ወደብ ተረክቦ እስከ አገር ውስጡ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ ያመጣል። ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም በ2012 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይሁንና መስኮቱ አንድ ቢሆንም ከኋላው ያለው ጠረጴዛ ብዙ ነው። ኮንቴይነሩ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ለባለቤቱ የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ቦሌ ላሻግራችሁ። ከዚህ አዳራሽ ብዙም አይርቅም። በሆለታ፣ በሰበታ ወይም በባቱ የተቆረጠች ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ አካባቢ በሚቀዘቅዝ ክፍል ታርፋለች፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ትደርሳለች፤ ሌሊት በጭነት አውሮፕላን ተነስታ በማግስቱ ቤልጂግ ወይም ሆላንድ ናት። መርማሪው፣ ጉምሩኩ፣ ጫኙ፣ ሁሉም ሰዓቱን ያውቃል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» የሚላት አይገኝም። ለምን? ብትዘገይ በዓይን እያየናት ትጠወልጋለች፤ ከእሷ ጋር ዶላሩም ይጠወልጋል።

አንድ ሌላ ልጨምር። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የኮቪድ ክትባት ቦሌ አረፈ። መጋቢት 4 ቀን እዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ተከተቡ። በስድስት ቀን! ቅዝቃዜው ሳይጓደል፣ ሰነዱ ሳይጠፋ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አገራችን መፍጠን ታውቅበታለች። ሲያስፈልግ ታሳየናለች። የቦርሳው ጣጣ ቦርሳ አለመጠውለጉ ነው። የሚጠወልገው ባለቤቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አያየውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የእኛን ሰነድ የተቀበለበትንና የለቀቀበትን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይስጠን። ይህ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም፤ እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ዲመሬጅ ሲመጣ ያዘገየው ወገን ተለይቶ እሱ ይክፈል። አንድ ጊዜ ከኪሱ የከፈለ ክፍል በሁለተኛው ዕቃ አይተኛም። መልቲሞዳሉ በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም መከፈቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያዘገየ የማይከፍል ከሆነ መንግሥትም ሆነ ግል ለእኛ ያው ነው።

ወደ ራሳችንም እንመለስ። ዕቃው መጋዘናችን ገብቶ «ጅቡቲ ነው» እያልን ዋጋ የምንሰቅል የለንም? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በአሮጌው ዋጋ የገባውን ዕቃ በአንድ ቀን አዳር በአዲስ ዋጋ የሸጠ የለም? የነገውን መግዣ ማሰብ ነውር አይደለም፤ ዕቃ መደበቅ ግን ነውር ነው። እኛ ስንዋሽ የእውነተኛው ተበዳይ ጩኸትም ውሸት ይመስላል። ደግሞም ወቅት ያለው ዕቃ የምታዝዙ ከሆነ ከሚሸጥበት ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ለባንኩ፣ ለባሕሩ፣ ለጅቡቲ፣ ለሞጆ፣ ለጉምሩኩ ለየብቻ ቀን መድቡ፤ በላዩ መጠባበቂያ ጨምሩ። ያላችሁን ሁሉ በአንድ ኮንቴይነር አትጫኑ። እህቴ ይህን አላደረገችም፤ የመከራትም አልነበረም። እኔም አልመከርኳት።

አሁን እሷ በሰው ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ከዚያ ቦርሳ አንዱን ለልጄ ሰጥታው እስከ ዛሬ ይዞት ይሄዳል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዚፑ እንኳ አልተነካም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሳየው የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዕቃው ደኅና ነበር፤ የዘገየው ቀኑ ነው።