ለአገር ልጅ ገበያውን ማሳየት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችሁን በየቤታችሁ የሚነካ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ፣ ከመርሳም አልፎ ወደ ውርጌሳ የሚወርድ መንገደኛ በዚያ ሁሉ መንደር ዓረብ ሀገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ብዙም አያገኝም። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሲታይ «ሳዑዲ ልጅ አለቻቸው» ይባላል። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሲታይም አንዳንዴ ምክንያቱ ያው ጉዞ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን «ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ብሎ በአንድ ቃል መቁረጥ አይቻልም። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ በሰው አገር የሚገናኙ ያገር ልጆች አንዱ በሌላው ላይ ምን ሐቅ አላቸው? እዚህ የቀረነውስ በሄዱት ላይ፣ እነሱስ በእኛ ላይ?

ወደ መዲና እንመለስ። ሙሃጂሮቹ ከመካ ሲወጡ ቤታቸውን፣ ንብረታቸውንና ንግዳቸውን ጥለው ነበር የወጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ዓብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የደረሰው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ዘንድ ነበር። ሰዕድ ባለጸጋ ነው፤ ሀብቱን እኩል ለሁለት ሊያካፍለው አቀረበለት። ዓብዱረሕማን ግን በቤተሰቡና በሀብቱ ላይ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አድርጎ፣ ገበያቸው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያመለክተው ጠየቀው። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ወረደ። አይብና ቅቤ እየነገደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትዳር ለመመሥረት በቃ፤ ለሙሽራይቱም ከቴምር ፍሬ ክብደት ጋር የሚስተካከል ወርቅ መህር ሰጠ።

ውድ አድማጮች፣ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናወሳው ስለ ሰዕድ ቸርነት ነው፤ ይገባዋልም። የሰዕድን ያህል መስጠት ግን የሁላችንም አቅም አይደለም። ዓብዱረሕማን የጠየቀውን ማድረግ ግን ሁላችንም እንችላለን። ገበያውን ማሳየት ማለት ለእንግዳው እውነቱን መንገር ማለት ነው፤ ምን እንደሚሸጥ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ የሚያታልለው ማን እንደሆነ፣ የቱ በር ወደ ሥራ የቱ በር ወደ ጉድጓድ እንደሚያስገባ። ለስደተኛ እውነተኛ ቃል ከገንዘብ ይበልጥበታል። የዛሬው መልእክታችንም ከዚህ አያልፍም።

በመጀመሪያ እዚህ ከቤታችን እንነሣ። የሐብሩ መሬት ለም ነው፤ ማንጎና ብርቱካን፣ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል። ይሁንና አባት ያረሰው አንድ ጥማድ ለአምስትና ለስድስት ልጅ አይካፈልም። በዚያ ላይ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም በጦርነቱ ውስጥ አለፉ፤ ሱቅ ተዘረፈ፣ ከብት አለቀ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወጣቱ «አዲስ ኑሮ ልጀምር» ብሎ ቢነሣ ስንፍና ነው ማለት አንችልም። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ በምድር ላይ መጓዝ በዲናችን የተወደደ ነው።

የሚያስፈራው የተነሣበት ወሬ ነው። እንበል፣ አንዲት ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች፤ ደመወዟ የሦስት ወር ተይዟል። ስትደውል ግን «እማዬ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው» ትላለች። እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። ፎቶም ትልካለች፤ የተነሣችው በአሠሪዋ ሳሎን ውስጥ ነው። እናት ፎቶውን ለጎረቤት ታሳያለች። የጎረቤት ልጅ አይታ ትምህርቷን ታቋርጣለች። አባቷ በሬውን ይሸጣል፤ ካልበቃም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል ወይም በአራጣ ይበደራል። ከእናት ጭንቀት ለማዳን የተነገረች አንዲት ቃል ሌላ ቤት አፈረሰች ማለት ነው።

ስለዚህ በስደት ላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የመጀመሪያው ሐቅ ይህ ነው፤ ለቤተሰብ እውነቱን ንገሩ። እናትን ማስለቀስ የለባችሁም፤ ለታላቅ ወንድም፣ ለአጎት ወይም ለአንድ አስተዋይ ሰው ግን የደመወዙን ልክ፣ የሥራውን ሰዓት፣ ያለፈባችሁን ሁሉ አስረዱ። ታናሽ እህታችሁ «ልምጣ?» ስትል የምትመልሱላት ቃል አማና ነው።

ቤተሰብም በበኩሉ እውነቱ እንዲነገረው ጆሮ ይስጥ። ልጅ በደወለ ቁጥር «መቼ ትልካለህ?» ብለን የምንጠይቅ ከሆነ እውነቱን እንዲደብቅ እኛው አስተማርነው። አንድ ጊዜ «ጤናህ እንዴት ነው? ሶላትህስ? ከማን ጋር ነህ?» ብለን እንጠይቅ። ደግሞም አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን እያረሰ የሚበላበት ውል ከአራጣ ደጃፍ የራቀ አይደለምና ዓሊሞችን ሳትጠይቁ አትግቡበት። በረካ የተፈለገበት ጉዞ በሐራም መጀመር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገዱ ነው። በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግረው መንገድ ስንቱን ልጃችንን እንደበላ ታውቃላችሁ። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2025) በየመን አብየን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ባሕሩን የተሻገረም ገና አልደረሰም። በየመን ልጆችን አግተው፣ እየደበደቡ፣ በስልክ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚያስልኩ አሉ። እናስተውል፤ ስልኩን ይዞ «ገንዘቡን ላኩ» የሚለው ብዙ ጊዜ ቋንቋችንን የሚናገር ሰው ነው። ከመንደር የሚመለምለው ደላላም ያገር ልጅ ነው። ስለዚህ ያገር ልጅ መሆን ብቻውን የታማኝነት ማስረጃ አይሆንም። ወገንህ የሚባለው እውነቱን የሚነግርህ ነው።

ሕጋዊው በር ደግሞ የሚታወቅ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013ም ተሻሽሏል። ተጓዡ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለውን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «የቪዛውን ክፈሉ» ቢላችሁ ጠይቁት፤ ወደ ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤትም ሄዳችሁ አጣሩ። ልጃችሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗት ሳለ «አሥራ ዘጠኝ ነው» ብላችሁ ወረቀት ብታወጡ፣ በውሸት የጀመረችው እናንተ ዘንድ ነው። ይህ ገበያውን ማሳየት ሳይሆን ገበያውን መሸፈን ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ሰው በሰው አገር ብቸኛ ነው። በሪያድም በጅዳም የወሎ ልጅ የወሎን ልጅ በድምፁ ይለያል። በጁሙዓ ቀን መስጊድ ደጅ ይገናኛሉ፤ ቡና ያፈላሉ፤ ዕቁብ ይጥላሉ፤ አንዱ ሲሞት እንደ አገራቸው ቅሬ አዋጥተው ሬሳውን ይሸኛሉ። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። በወልድያና በመርሳ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ውለው፣ በለቅሶና በሠርግ ተጠራርተው ያደጉ ናቸውና እዚያም የተቸገረ ወገን ሲገኝ ስሙን ሰምቶ ማለፍ ጉርብትናን መካድ ነው።

በዚህ መገናኛ ላይ ለአዲስ መጪ የሚነገረው ቃል ይመዘን። አንዳንዱ «ከዚህ ቤት ውጪ፣ እኔ ዘንድ ነይ፣ በውጭ ሥራ እጥፍ ታገኛለሽ» ይላል። እጥፉን ይነግራታል፤ ከከፊሏ ቤት ከወጣች በኋላ ኢቃማዋ እንደማያገለግል፣ ሹርጣ ቢይዛት ወደ እስር ቤት ቀጥሎም ወደ አገሯ እንደምትላክ አይነግራትም። ግማሽ እውነት እንዲህ ያለ ነገር ነው። በእርግጥ የምትደበደብ ወይም ክብሯ የሚደፈር ከሆነ ነፍሷን ማትረፍ ይቀድማል፤ ያን ጊዜ ያገር ልጅ ሐቅ ሸሽጎ ማሠራት ሳይሆን በሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ወዳለው ቆንስላ ማድረስ ነው።

የገንዘብ አማናም አለ። ብዙ እህቶች ደመወዛቸውን «ዘመዴ ነው» ብለው ያለ ወረቀት ለአንድ ሰው ያስቀምጣሉ። በጥቅምት መጨረሻ 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013) የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ሲጀመር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የሠሩበትን ሳይሰበስቡ፣ በለበሱት ልብስ ብቻ አውሮፕላን ጣቢያ ወረዱ። በእንዲህ ያለ ቀን ወረቀትና ምስክር የሌለው ገንዘብ ምን ይሆናል? በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈርና ምስክር ስለማቆም የሚናገረው መሆኑን እናስታውስ። በዘመድ መካከል መጻፍ ነውር አይደለም፤ የአላህ ትእዛዝ ነው። ከተቻለ ደግሞ ገንዘቡ በራስ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። የውሉ ኮፒና የፓስፖርቱ ኮፒም ቤተሰብ እጅ ይቀመጥ።

ውድ አድማጮች፣ ስደተኞች ተመካክረው እውነቱን መያዛቸው ምን እንደሚጠቅም ከእኛው አገር ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሃባዎች ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው ሳሉ ቁረይሾች መልእክተኛ ልከው ነጃሺ አሳልፎ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚያምኑትንም አንሥተው ንጉሡን ሊያስቆጡባቸው ሞከሩ። ሙሃጂሮቹ ተሰብስበው ተመካከሩ። ለንጉሡ የሚጥም ቃል መፈለግ ይችሉ ነበር። የተስማሙት ግን የመጣው ይምጣ ብለው ከነቢያቸው የሰሙትን እውነት እንዲናገሩ ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ ተናገረ። ነጃሺም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ የቁረይሾችንም ስጦታ መለሰ። አንድነታቸው የጠቀማቸው በእውነት ላይ የቆመ ስለነበር ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ስለ ተመላሾች ነው። አንድ ልጅ ከሳዑዲ እስር ቤት ወይም ከየመን በረሃ ተርፎ መርሳ መናኸሪያ ሲወርድ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምንድን ነው? «ምን ይዘህ መጣህ?» ከሆነ ያው ልጅ ዓመት ሳይሞላ በዚያው በረሃ ተመልሶ ይሄዳል፤ ካገኘነው እንቅጩን እንነጋገር፣ የላክነው እኛ ነን። ጃዕፈርና ጓደኞቹ ከሐበሻ ስደት በሂጅራ 7ኛው ዓመት ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበር ላይ ነበሩ። በድሉና በጃዕፈር መምጣት፣ በየትኛው ይበልጥ እንደተደሰቱ ለመለየት እስኪቸግራቸው ድረስ መደሰታቸው ተዘግቧል። በዘመቻው ሳይካፈሉ የመጡ ናቸው ብለው አላራቋቸውም፤ ከምርኮውም ድርሻ ሰጧቸው። የተመለሰ ስደተኛ አቀባበል እንዲህ ነው፤ በፊቱ ፈገግታ፣ በእጁም መቋቋሚያ የሚሆን ድርሻ። በየመስጊዱና በየቅሬው ያለን ሰዎች ለአንድ ተመላሽ የበግ ማድለቢያ ወይም የጉሊት መነሻ ብናዋጣ፣ ለሬሳ መሸኛ ከማዋጣት ይቀላል።

የተመለሰውም ወንድማችን ድርሻ አለው። ያየውን ይናገር። በጁሙዓ ከሶላት በኋላ፣ በትምህርት ቤት፣ በቡና ላይ ለሚነሡት ልጆች መንገዱንም ሥራውንም እንዳለ ይንገራቸው። ሰምቶ በሕጋዊው በር የሚሄድ ይሂድ፤ ሰምቶ የሚቀርም ይቅር። ሁለቱም ዐይናቸው ተገልጦ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) በስደት ያሉ ወገኖቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን፤ በባሕርና በበረሃ ያለቁትን ይማርልን፤ ቤተሰቦቻቸውንም ሶብር ይስጣቸው። ሐላል ሪዝቃችንን በአገራችን ያስፋልን፤ ምላሳችንንም በእውነት ላይ ያጽናልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።