ቤት አዝሎ ዓባይን መውረድ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መንገድ ነው። እኔ ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ከመሆኔ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር። ስለዚህ እናንተ ጣታችሁን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፋችሁ ስታነቡ ድካሙን አውቀዋለሁ።

በ2003 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሁለት የውጭ አገር ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ በመኪናቸው አዲስ አበባ ደረሱ። ሐሳባቸው በዓባይ በረሃ አድርገው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድ ነበር። መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። እኛ አገር «የቤት መኪና» ስንል ትንሿን አውቶሞቢል ማለታችን ነው። የእነሱ ግን ሌላ ነው። መኪናው ራሱ ቤት ነው። በውስጡ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ የውሃ በርሜል አለ። እንደ ዔሊ ቤቱን አዝሎ ይሄዳል። እኔም ቤት አዘል መኪና አልኩት።

ባልዬው ካርታውን ዘረጋና ማስላት ጀመረ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «በሰዓት 60 ብንሄድ በ5 ሰዓት እንደርሳለን፤ ምሳችንን እዚያ ነው» አለኝ። ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አገሩን ሜዳ ማድረጉ ነው። ተራራማ አገር በኪሎ ሜትር ብቻ አይታቀድም። ዳገቱ የት ይጀምራል? ቁልቁለቱ የት ያልቃል? ውሃና ናፍጣ የት ይገኛል? ብንበላሽ የት እንቆማለን? ይህ ሁሉ መታወቅ አለበት።

እኔም ደብተሬን አወጣሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ ዓባይ ድልድይ ይደርሳል፤ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ለዚህች ለ40 ኪሎ ሜትር ብቻ ግማሽ ቀን መደብኩላት። «ማታ ጎሐ ጽዮን እንደር፣ ማለዳ እንውረድ» አልኳቸው። ለምን ቢሉ፣ ማለዳ በረሃው ገና አልሞቀም። አንድ ነገር ቢበላሽም ሙሉ ቀን ብርሃን ከፊታችን አለ። ወሩም ጥሩ ነበር። ክረምት ቢሆን ኖሮ እሺ አልልም ነበር፤ ዝናቡ አፈሩን እያላላ ድንጋይ መንገድ ላይ ያወርዳል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠየቅሁ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህማ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል።

ቀጥሎ የክብደት ነገር መጣ። መኪናው ከነጭነቱ ከ3,500 ኪሎ እንዳይበልጥ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። 35 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ መቶ ሊትር አንድ ኩንታል ነው። እነሱ መቶ ሊትር የሚይዘውን በርሜል ሞልተዋል። ጣራው ላይ ደግሞ ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ጭነዋል። ሁለት ኩንታል ውሃ! «ግማሹን እንድፋው፤ ደጀን ላይ ውሃ እናገኛለን» አልኩ። ሚስትዮዋ ልትደፋ ተነሣች። ባልዬው ግን «የምንገባው በረሃ አይደለም እንዴ?» ብሎ ከለከላት። እሱም የራሱ ምክንያት አለው። እኔም ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ፍሬን ትንሽ ልንገራችሁ። እጃችሁን በእጃችሁ ብታሹት ይሞቃል አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሲረገጥ ሸራው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ መኪናውን ይይዘዋል። ረዥም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጡ ከረገጡት ግን ይግላል። ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም እየላላ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ከባድ ማርሽ ነው። ያን ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገውን ማርሽ አስገብቶ መውረድ ነው፤ ያኔ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው ቁልቁለት የሚለቁ ሾፌሮች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም።

መንገድ ዳር ዙሪያው ቀይ የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አይታችሁ ይሆናል። በውስጡ ተዳፋት ተሥሎ «10%» የሚል ሊኖርበት ይችላል። «ከመቶ አሥር» ተብሎ ይነበባል። መቶ ሜትር ወደ ፊት ስትሄዱ አሥር ሜትር ወደ ታች ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ረዳት ሳለሁ ይህን እንደ ሥዕል ነበር የማየው።

እንግዲህ ጎሐ ጽዮን አደርን። ማለዳ ባልዬው መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ ጀመረው። «ሁለተኛ አግባ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። መኪናው የእሱ ነው፣ የተማረ ሰው ነው፣ ስንት አገር አቋርጦ መጥቷል። እኔ ማን ሆኜ ነው የማዘው? እሱ በየኩርባው ፍሬን ይረግጣል። ሚስትዮዋ ከኋላ ሆና ዝንጀሮ ፎቶ ታነሣለች። እኔ ደግሞ በልቤ «አሁን እለዋለሁ፣ አሁን እለዋለሁ» እያልኩ ኩርባ እቆጥራለሁ።

መንገዱ ዳር እንጨት የተሸከመች ሴት ነበረች። እኛን ስታይ እንጨቱን ጣለችና ሁለት እጇን እያውለበለበች ጮኸች። «ሸተተ! እየተቃጠለ ነው! ቁሙ!» አለች። ውስጥ ላለነው አልሸተተንም ነበር። ባልዬው ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ፤ መኪናው ግን አልቆመም።

«ማርሽ! ማርሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ያን ጊዜ ይሉኝታው የት እንደገባ እንጃ። ሦስተኛ አገባ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ። ሞተሩ አገሳ፣ ሳህኑና ድስቱ ከኋላ ተንኳኳ፣ ፍጥነቱም እየቀነሰ ሄደ። እኔ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እሱ ጎማውን በተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገባውና ቆምን። ሴትዮዋ እየሮጠች መጥታ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ወተፈች። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር።

ባልዬው ጀሪካን አውርዶ ውሃ ሊያፈስበት ቃጣው። እጁን ያዝኩት። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፉበት ምን ይሆናል? የፍሬን ብረትም እንዲሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ ጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሚስትዮዋ ሻይ አፈላች። እንግዳችን በበሩ አጮልቃ አልጋውንና ምድጃውን አየችና «ጥሩ ቤት ነው፤ ከብቶቹስ የት ያድራሉ?» አለች። ያን ብተረጉምላቸው ባልዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ልንሄድ ስንል ግን ሴትዮዋ ከመኪናው ፊት ቆመች። «ድንጋዩን ከመንገድ ሳታነሡ አትሄዱም። አንዱ ሾፌር ትቶት ሄዶ፣ ማታ የመጣ ሌላ መኪና ተሰናክሎበታል» አለች። እውነቷን ነው። ይህ የእኛ የሾፌሮች ጥፋት ነው፤ መንገድ ዳር የምትኖሩ ሁሉ እንደ እሷ ብትገሥጹን ይገባናል። ጎማ ሲጨስ ስታዩም ዝም አትበሉ። ሾፌሩ ከሁሉ ኋላ ነው የሚሸተው።

ድንጋዩን አነሣን፣ ጀሪካኖቹን ደፋን፣ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። በጃፓን እርዳታ በተሠራው በአዲሱ ድልድይ ተሻግረን ከሰዓት በኋላ ደጀን ገባን። ባሕር ዳርንና ጎንደርን በደኅና አለፍን።

ደባርቅ ስንደርስ ብርድ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው እዚያ በ90 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ሚስትዮዋ የጣደችው ባቄላ እየፈላም አልበስል አላት። ደገኛ እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

ያደርንበት ግቢ ዘበኛ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ብርዱን አይቶ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ አመጣልን። ባልና ሚስቱ ደስ ብሏቸው ወደ ውስጥ ሊያስገቡት በሩን ከፈቱ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ ግን ከደጅ ይቀመጥ» አልኩ። ቅር ሳይላቸው አልቀረም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቤት አዘል መኪና ጠባብ ነው፣ በሩም ግጥም ብሎ ይዘጋል። ሽማግሌውን ደጅ ከማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አጫወትኳቸው፤ ቅሬታቸውም በረደ።

ስንመለስ ደጀን አደርን። ማለዳ ከመነሣታችን በፊት ባልዬው የውሃውን በርሜል ግማሽ ድረስ አጎደለና ወደ እኔ ዞሮ ሁለት ጣቱን አሳየኝ። «አዎ፣ ሁለተኛ» አልኩት። ከኋላችን የነበሩ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ አልፈውን ሄዱ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወርጄ እጄን ወደ ጎማው አስጠጋሁ። ሞቋል፤ አላጨሰም።