ከአታላይ ድምፅ ይልቅ የእግዚአብሔርን ቃል ስለ ማመን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል። እኔ ግን የምናገረው የተማረውም ያልተማረውም እኩል ስለሚፈተንበት ነገር ነው፤ ይኸውም መታለል ነው። መታለል የአላዋቂዎች ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት በተከፈተበት አገር ሁሉ በጠፋ ነበር። ነገር ግን አልጠፋም። ምክንያቱ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። አታላይ አታላይ ነኝ ብሎ አይመጣም። ፍጹም ሐሰት የሆነውን ነገር ሕፃንም ይለየዋል፤ ግማሹ እውነት በሆነው ሐሰት ግን አዋቂም ይሳሳታል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈውን እናስብ። ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ ያቀረበው ማስረጃ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነበር። የጠቀሰው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ቃሉን ያዋለበት ነገር ግን ማታለል ነበር። ጌታችንም ከኦሪት ዘዳግም ሌላ ቃል ጠቅሶ መለሰለት፤ በእግዚአብሔር ጥበቃ መታመንና እግዚአብሔርን መፈታተን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም አስረዳ።

ይህን ለመረዳት እኛ የሰሜን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይቀለናል። ሳንቃ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ በዚያ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን ገደል ያያል። በዚያ መንገድ ከብት የሚነዳ እረኛ እግዚአብሔር ጠብቀኝ ብሎ ይጸልያል፤ እየጸለየም እግሩን ከገደሉ ጫፍ ያርቃል። ጸሎቱም ጥንቃቄውም ከአንድ እምነት የወጡ ናቸው። «እምነት ካለህ ዝለል» የሚለው ድምፅ ግን ቃለ እግዚአብሔርን እየጠቀሰ እንኳ ቢናገር የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም።

ወደ አገራችን ታሪክ ብንመለስም ይህንኑ እናገኛለን። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. ዐፄ ያዕቆብ በጎል ጦርነት በሱስንዮስ ድል ሆኖ ሞተ። ሞቱን በዐይኑ ያላየ ሕዝብ ብዙ ነበርና፣ ጥቂት ቆይቶ በደብረ ቢዘን አካባቢ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ተነሣ። ይህ ሰው በጦርነቱ ፊቴን ቆስያለሁ እያለ የፊቱን ከፊል በጨርቅ ይሸፍን ነበር። ብዙዎችም የተሸፈነውን ሳያዩ በተገለጠው አምነው ተከተሉት። ከእርሱም በኋላ በእነዚሁ በሰሜን ተራሮች አምዶ የሚባል ሌላ ሰው በዚያው በያዕቆብ ስም ተነሣ፤ የቤተ እስራኤል አለቃ የነበረው ጌዴዎንም ደገፈው። በመጨረሻ አምዶ ለንጉሡ ተላልፎ ተሰጠ። ይሁን እንጂ የሐሰቱ ዕዳ በእርሱ ብቻ አላበቃም፤ በሱስንዮስ ትእዛዝ በቤተ እስራኤል ሕዝብ ላይ ብርቱ እልቂት ደረሰ። ይህም በክርስቲያን ንጉሥ ትእዛዝ መፈጸሙ እጅግ ያሳዝናል። ከዚህ የምንማረው ሐሰት የሚያስከፍለው ዋጋ በተናጋሪው ላይ ብቻ የማይቀር መሆኑን ነው፤ ነገሩን ያልሰሙ ሕፃናት ሳይቀሩ ይከፍሉታል።

እንደዚሁም ከዚህ ከእኛ ተራሮች መካከል በጃናሞራ የምትገኘውን ደረስጌን እናንሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በዚያ ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ፤ ስመ መንግሥታቸውንም ቴዎድሮስ አሉ። ይህ ስም እንዲሁ የተመረጠ አልነበረም። ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ፣ በዘመኑም ሰላም እንደሚሆን ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ተጽፎ ስለ ነበረ ሕዝቡ ስሙን በተስፋ ይጠብቀው ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ጀግንነትና አገርን አንድ ለማድረግ የነበራቸውን ምኞት ማንም አይክድም። ስሙ ግን የተጠበቀውን ሰላም አላመጣም። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር በእርሳቸው ትእዛዝ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ይህን ስናገር እከሌ ዋሸ ማለቴ አይደለም። ሰው አታላይ ሳይመጣበት እንኳ የሚወደውን ስም ሲሰማ መመርመሩን ሊተው እንደሚችል ለማሳየት ነው። ወንጌል ግን ሰውን በስሙ ሳይሆን በፍሬው እንድናውቀው ያስተምረናል።

በእኛ ዘመን ስለ ሆነው ደግሞ አንድ ልጨምር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ከጀመረ በኋላ ወደ እንጦጦ ጠበል ከሚሄዱት ሕሙማን መካከል፣ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ተብለው ክኒናቸውን ያቋረጡ ነበሩ። እግዚአብሔር ይፈውሳል የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒትህን ጣል የሚለው ግን ከመቅደስ ጫፍ ዝለል እንደ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስታወቁ። ይህ ምክር ጠበሉን አልናቀም፣ ሐኪሙንም አልገፋም፤ በሐሰት የተለያየውን እውነት እንደገና አገናኘው እንጂ።

እናንተ ተማሪዎችም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደላችሁም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ እንዲሰረዝ ተደረገ፤ በላባቸው ያጠኑትም ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሌላ የፈተና ቀን መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ዛሬም ፈተናውን አገኝልሃለሁ የሚል ደላላ፣ ክታብ እጽፍልሃለሁና ታልፋለህ የሚል ጠንቋይ፣ ገንዘብ ላክና ልጸልይልህ የሚል የስልክ «ነቢይ» አይታጣም። ማለፍ መፈለጋችሁ መልካም ነው፤ አታላዩም የሚይዛችሁ በዚሁ መልካም ፍላጎታችሁ ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፣ የተጠቀሰላችሁን ቃል ከመጽሐፉ ፈልጋችሁ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር አንብቡት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ ያስተማራቸውን እንኳ በየቀኑ ከመጻሕፍት ጋር ስላመሳከሩ ነው። እንግዲህ ሐዋርያው ከተመረመረ ሌላው ሰባኪ ቢመረመር ሊቈጣ አይገባውም፤ መመርመርም ክህደት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፍሬውን ተመልከቱ። የተነገራችሁ ነገር ጎረቤትን የሚያስጠላ፣ ሕመምተኛን መድኃኒት የሚያስጥል፣ ድኻን የሚያራቁት ከሆነ የተናጋሪው ቋንቋ የቱንም ያህል ቢያምር ከእግዚአብሔር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የተሸፈነውን ግለጥልኝ በሉ። «ለማንም አትናገር፣ ዛሬውኑ ካላደረግህ ያመልጥሃል» የሚላችሁን ሰው ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለነፍስ አባት ሳትነግሩ አትከተሉ። እውነት ሲጠይቋት አትሸሽም።

ለእናንተም፣ ክቡራን ወላጆችና መምህራን፣ አንድ ቃል አለኝ። ልጅ በጠየቀ ጊዜ ዝም በል ብንለው፣ ነገ አታላይ ሲመጣበት መጠየቅን ከየት ያገኘዋል? እግዚአብሔርን ማመን የምናስተምረው ልጆቻችን የሚሰሙትን ሁሉ እንዲያምኑ አይደለም፤ ሙሉውን ቃል አውቀው የጎደለውን እንዲለዩ ነው።

ከደባርቅና ከዳባት፣ ከሳንቃ በር ግርጌ ካሉትም መንደሮች ወደዚህ ትምህርት ቤት የምትመጡ ልጆች፣ ማንበብ መቻላችሁ ትልቅ አደራ ነው። በቤታችሁ ማንበብ የማይችል አባት ወይም አያት ካለ መጽሐፉን ገልጣችሁ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው፤ ሌላ ሰው በግማሽ የነገራቸውን እናንተ ሙሉ አድርጉላቸው።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።